የጭቃውን ቤት በጭቃ እንጠግነው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን! ለዓመታዊ ጉባኤያችን እንኳን በደህና መጣችሁ።

ጅማ ላይ ስለ ቅርስ ሲነሳ ሁሉም ሰው ወደ ጅሬን ኮረብታ ነው የሚጠቁመው። ይገባዋልም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ያሠሩት ቤተ መንግሥት የእንጨት ጠራቢዎቻችንን ጥበብ ያሳያል። እኔ ግን ዛሬ ከኮረብታው ወርደን የቡና ገበሬውን አሮጌ ቤት እንድናየው እፈልጋለሁ። እሱን ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ይፈርሳል።

የድሮው ቤት ክብ ነበር። ክዳኑ ሣር፣ መሃሉ ላይ ምሰሶ። ምድጃው ውስጥ ስለሆነ ጭሱ ክዳኑን ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቀዋል። ቆርቆሮ ሲመጣ ቤቱ አራት ማዕዘን ሆነ፤ በረንዳም አወጣ። ደጅ የተሰጣው ጀንፈል (ገና ያልተፈለፈለው ቡና) ዝናብ ሲያስፈራራ ተጠራርጎ የሚገባው እዚያ ነው።

ግድግዳው ቋሚና ማገር ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ይብላላል፤ ከዚያ በደቦ ይመረጋል። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ አጥብቆ ይይዘዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሲሚንቶው ነው። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ብዙ ሰው «አንዴ ልገላገል» ብሎ በሲሚንቶ ይለስነዋል። ላይ ላዩ ያምራል። የጭቃ ግድግዳ ግን እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። ሲሚንቶው መውጫውን ይዘጋበታል። ውሃው ውስጥ ይቀርና ማገሩን ያበሰብሰዋል። እንዲህ ያለ ግድግዳ በጣታችሁ አንኳኩ፤ ልስኑ ከጭቃው የለቀቀበት ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጣችኋል። እባካችሁ፣ ጭቃ በጭቃ ይጠገን።

የቋሚውንም እግር ተመልከቱ። መበስበሱም ምስጡም የሚጀምሩት እንጨቱ አፈር ከሚነካበት ነው። ግርጌው ላይ የተከመረ አፈር ካለ ዛሬ ነገ ሳትሉ አንሡት፤ የውሃ መውረጃ ቦይም ቅደዱ። የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይውጣ። የጅማን ዝናብ መቼም ታውቁታላችሁ!

ዘንድሮ ከእያንዳንዱ አባል አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በየሰፈራችሁ ቤት ሲሠሩ የኖሩ አዛውንቶች አሉ። ለምሰሶ የትኛው እንጨት፣ ማገሩ በምን እንደሚታሰር ጠይቋቸው፤ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱ። ቤቱን ለኩ፣ ፎቶ አንሡ። ይህ ሰኔ ሳይገባ ቢያልቅ ደስ ይለኛል።

ጉባኤያችን በይፋ ተከፍቷል። የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርባሉ።