«ተራዘመ»? ከመቼ ወደ መቼ?

በቋንቋ ሰዓታችን የደሴና የኮምቦልቻ አድማጮች ደጋግማችሁ ከምትጠይቁኝ ውስጥ ስለ ቀጠሮ መለወጥ ያሉትን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። አንድ ነገር ደጋግሜ ስናገር ካገኛችሁኝ ታገሡኝ። የመምህር አመል ነው።

ከኮምቦልቻ፦ «የማታ ትምህርት ምዝገባ ተራዝሟል የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ገና አልተጀመረም ማለት ነው ወይስ ቀን ተጨምሯል?»

ቀን ተጨምሯል፣ ልጄ። ነገ ሳትል ሂድና ተመዝገብ።

ግራ መጋባትህ ግን አይገርመኝም። «አራዘመ» ሁለት ሥራ ያለው ግስ ነው። የመጀመሪያው ማስረዘም ነው። የቤት ኪራይ ውል ይራዘማል፤ የመዝጊያው ቀን ይርቃል፣ ውሉ ግን ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ሁለተኛው ወደ ሌላ ቀን መግፋት ነው። ፈተና ተራዘመ ሲባል ተማሪው በሰፊው የሚቀመጥበት ፈተና መጣ ማለት አይደለም። ዛሬ የለም፣ ሌላ ቀን ነው ማለት ነው።

ሁለቱ በአንድ ወሬ ውስጥ የተገናኙበትን ጊዜ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ምርጫ በኮሮና ምክንያት «ተራዘመ» ተባለ። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመንም «ተራዘመ» ተባለ። ምርጫው አልረዘመም፤ ቀኑ ተገፋ። የሥራ ዘመኑ ደግሞ አልተገፋም፤ ረዘመ። ምርጫው በኋላ ለግንቦት 28 ተቆረጠ፣ እንደገና ተገፋና ሰኔ 14 ቀን 2013 ተካሄደ። አንድ ግስ፣ ሁለት የተለያየ ነገር፣ እኛም ሳንደናገር ሰምተን አለፍን። ነገሩን ስለምናውቀው ነው እንጂ ቃሉ ስለለየልን አይደለም።

መለያው ቀላል ነው። ተጀምሮ የሚቆይ፣ መዝጊያ ያለው ነገር ከሆነ (ምዝገባ፣ ውል፣ ፈቃድ) ቀን ተጨመረ ማለት ነው። በአንድ ቀን የሚውል ነገር ከሆነ (ሰርግ፣ ፈተና፣ ምርቃት) ተገፋ ማለት ነው። የሚያስቸግረው ስብሰባ ነው። ባል «ስብሰባው ተራዘመ» ብሎ ለሚስቱ መልእክት ቢልክ፣ እያመሸ ነው ወይስ እየመጣ ነው? እራት ይቅረብ ወይስ ይቆይ? ስለዚህ «ተራዘመ» ብላችሁ ነጥብ አታድርጉ። ከመቼ ወደ መቼ? ይህን ጨምሩበት።

ከቧንቧ ውሃ፦ «ማዘግየትና ማራዘም አንድ ናቸው?»

አይደሉም። ያራዘመ ሌላ ቀን ቆርጧል። ያዘገየ ቀኑን አሳልፎ ሰው አስጠብቋል።

ከፒያሳ፦ «ባለፈው እናንተው ‹ዝግጅቱ ሐሙስ ይተላለፋል› አላችሁ። ሐሙስ ከፍቼ ጠበቅሁ። ዝግጅቱም መጣ። ጎረቤቴ ግን ለሌላ ቀን ተላልፏል ብሎ ሳይከፍት ቀረ።»

ጎረቤትዎን አልወቅስም። «ተላለፈ» ብዙ ቤት የሚያድር ግስ ነው። በራዲዮ ይተላለፋል። ሕግ የጣሰ ሰው ሕግ ተላለፈ ይባላል። እርስዎ በሸዋ በር፣ ወዳጅዎ በሌላ መንገድ ሲሄዱ ደግሞ ትተላለፋላችሁ።

እዚህ ላይ ቁልፉን የያዘችው ትንሿ «ለ» ናት። «ሐሙስ ይተላለፋል» ካልን በዚያ ቀን ይሰማል። «ለሐሙስ ተላልፏል» ካልን ዛሬ የለም፣ ሐሙስ ጠብቁ። አንዷን ፊደል ስትውጧት ሰው አንድ ሳምንት ይጎድለዋል። ለጎረቤትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ከሐይቅ፦ «የመሬት ክርክር አለብኝ። በቀጠሮዬ ዋዜማ አንድ ዘመድ ደውሎ ‹ቀጠሮው ተራዝሟል፣ አትድከም› አለኝ። ቀረሁ። አሁን የተራዘመው የሌላ ሰው መዝገብ ነው ይሉኛል። ‹ተራዝሟል› መባሉ አይበቃም እንዴ?»

አይበቃም። ወንድሜ፣ አብሽር እልሃለሁ፣ ግን ቁጣዬንም ስማ። ለአንተ ብቻ አይደለም፤ በየገበያው፣ በየለቅሶው ቤት «ተራዘመ አሉ» እያላችሁ ለምታወሩ ሁሉ ነው።

ዓረፍተ ነገሩን ተመልከተው። «ተራዝሟል።» ማን አራዘመው? ግሱ አይናገርም። «ተ» ስትገባ አድራጊው ይጠፋል። የማን ቀጠሮ? አልተባለም። ወደ መቼ? እሱም አልተባለም። ሦስት ጉድጓድ ያለበትን ቃል ይዘህ ቤትህ ተቀመጥህ። ዘመድህ ክፉ ሰው አይደለም። ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሰማውን ነው ያቀበለህ። በሩ ላይ ደግሞ የሃምሳ ሰው ጉዳይ አለ።

የፍርድ ቤቱ ቃል «ተለዋጭ ቀጠሮ» ነው። ይህ ቃል ለብቻው አይሄድም። ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ የመዝገብ ቁጥር አለው። እነዚህን ያልያዘ «ተራዘመ» ወሬ ነው። ከሳሽ ሆነህ ብትቀር መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ተከሳሽ ሆነህ ብትቀር ጉዳዩ በሌለህበት ሊታይ ይችላል። ወንጀል ከሆነ ደግሞ ፖሊስ ይዞህ እንዲቀርብ ሊታዘዝ ይችላል። እዚያ ቆመህ «ተራዘመ ብለውኝ ነው» ብትል፣ መጀመሪያ የምትጠየቀው እኔ ዘወትር የምጠይቃችሁ ነው፦ ማን አለህ? ከመቼ ወደ መቼ?

ሐኪም ቤትም ያው ነው። «የመድኃኒት ቀጠሮዬ ተራዝሟል» የምትል እናት ስንቴ ደወለችልኝ። ስጠይቃት ያራዘመችው ራሷ ናት፤ ገበያ ውላ ነው። እትዬ፣ ሐኪሙ ሲያራዝመው ተራዘመ ይባላል። እርስዎ ሲቀሩ ግን ቀጠሮ አለፈዎ ነው የሚባለው። ግሱን ስንለውጠው ጥፋቱ የሚቀለን ይመስለናል። መድኃኒቱ ግን እንደዚያ አያስብም።

ወደ አንተ ልመለስ። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም። ዛሬውኑ የመዝገብ ቁጥርህን ይዘህ ሬጅስትራሩ ጋ ሂድ፣ ከዚያ ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክር። ዘመድህን ይዘህ አትሂድ።

ከኮምቦልቻ፦ «በረራህ ወደ 9፡30 ተዛውሯል የሚል መልእክት ደረሰኝ። ከሰዓት ነው አይደል?»

አይደለም! የአየር መንገድ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠር ነው። በእኛ ጠዋት 3፡30 ነው። አሁኑኑ ተነሣ። ለሌላ ጊዜ ትኬት ቢሮውን ጠይቅ።

ከሰኞ ገበያ፦ «ስብሰባ ወደ ቅርብ ቀን ሲመጣ ምን እንበል? ‹ወደፊት ተገፋ› ብዬ ጻፍሁና ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።»

«ወደፊት» በአማርኛ ገና ያልመጣው ጊዜ ስለሆነ፣ ወደፊት የተገፋ ነገር ራቀ ማለት ነው። «ቀኑን አስቀደምነው» በል። «ከሐሙስ ወደ ማክሰኞ መጣ» ብትል ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው፤ ከመቼ ወደ መቼ የሚለውን በራሱ ይመልሳል። «አፋጠንነው» አትበል። የሚፋጠን ሥራ ነው፣ ቀን አይፋጠንም።

ከደሴ፣ አንዲት ጸሐፊ፦ «አለቃዬ ስብሰባዎቹን ሁሉ ‹ሪስኬጁል አድርጊ› ይለኛል። ደብዳቤ ላይ ምን ልጻፍ?»

«የጊዜ ሰሌዳው ተሸጋሽጓል» ብለሽ ጻፊ። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው ሲጨመር «ተሸጋሸጉ እስቲ» እንደሚባለው ነው። ማንም አልወረደም፣ ሁሉም ግን ቦታ ቀይሯል። አንድ ስብሰባ ብቻ ከሆነ የተዛወረው ግን «ተሸጋሸገ» አይመችም። ለዚያ «ወደ እገሌ ቀን ተዛውሯል» ይበቃል።

ከሐርቡ፦ «ልብስ ሰፊው ‹ለየዛሬ ስምንት አራዝሜዋለሁ› አለኝ። በስንተኛው ቀን ልሂድ?»

በሰባተኛው። ዛሬንም ሲቆጥሩ ነው ስምንት የሚሞላው። ዛሬ ማክሰኞ ከሆነ የሚመጣው ማክሰኞ ነው። «የዛሬ አሥራ አምስት»ም እንዲሁ ሁለት ሳምንት ነው። የቀኑን ስም አስጠሪው ግን። ልብስ ሰፊን እኔም አውቃለሁ።

ስሟን ያልገለጸች፦ «ሰርጌ በእጮኛዬ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። አሁንም ‹ይራዘም› ይላል፣ ቀን ግን አይናገርም። ‹ተራዘመልን› ልበል ወይስ ‹ተራዘመብን›?»

የደገስሽው አንቺ ከሆንሽ «ብን» ነው። «ልን» የሚለው መራዘሙ የጠቀመው ሰው ነው፣ ምናልባት እሱ። ቀን ካልቆረጠ ግን «ይራዘም» የሚለውን ግስ አትቀበዪው። ከመቼ ወደ መቼ በይው። መልስ ካጣሽ ሽማግሌ ላኪ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ሙያ አይደለም።