ለድሮ ማውንቴን ባይክ ፎርክ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር አውጡ

እሺ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ፎርክ፣ የፊት ጎማውን ስለሚይዘው ሹካ ነው የምናወራው። ሁሌ የምትልኩልኝ ጥያቄ አለች፦ ሳይክሌ የድሮ ነው፣ ፍሬሙ ጤነኛ ነው፣ ፎርኩ ግን አልቆለታል፣ ወይ ዘይት ያንጠባጥባል ወይ ጭራሽ አይወርድም፣ ምን ልግዛ?

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፣ ስንት ሚሊ ነው? «መቶ» ትሉኛላችሁ። አይ፣ እሱን አይደለም ያልኩት። መቶ ያላችሁት ትራቭሉ ነው፣ ፎርኩ ሲጨመቅ የሚወርደው። እኔ የምፈልገው ቁመቱን ነው። ቁመት! ከፊት ጎማው አክስል መሃል ተነስታችሁ እስከ ክራውኑ (ሁለቱ የፎርክ እግሮች ከላይ የሚገናኙበት) አናት፣ የታችኛው ኩሽኔታ እስከሚያርፍበት ድረስ፣ ሳትጫኑት ለኩት። ለ26 ኢንች ጎማ የተሠራ ባለ 80 ሚሊ ፎርክ ወደ 450 ሚሊ ገደማ ይመጣል፣ ባለ 100ው ወደ 470፣ ለ29 ጎማ የተሠራ ባለ 100 ደግሞ 500 አካባቢ። አያችሁ? ሁለቱም «መቶ» ናቸው፣ ቁመታቸው ግን ሦስት ሴንቲ ይለያያል።

ሦስት ሴንቲ ምን አላት የምትሉ፣ እስቲ የተቀመጣችሁበትን ወንበር እዩት። ከፊት ባሉት ሁለት እግሮች ስር አንዳንድ ወፍራም መጽሐፍ አስገቡ፣ የኋላዎቹን እንዳትነኩ። አሁን ተቀመጡ። ምን ሆነ? ተንጋለላችሁ አይደል፣ ክብደታችሁ በሙሉ ወደ ኋላ ሄደ፣ እግራችሁ መሬቱን ለመርገጥ ወደፊት መዘርጋት ጀመረ። ወንበሩ አልተሰበረም፣ ያው ወንበር ነው፣ አናጢው ያሰበው አቀማመጥ ግን ጠፋ። ሌላ መጽሐፍ ጨምሩ። አሁን ፊልም ለማየት ይመቻል፣ እውነቱን ለመናገር በጣም ነው የሚመቸው፣ እዛው ሆናችሁ ልጻፍ ካላችሁ ግን በየደቂቃው ሆዳችሁን አጥፋችሁ ወደፊት ትንጠራራላችሁ። ሳይክሉም እንደዛው ነው፣ ቁልቁለት ላይ ረጅም ፎርክ ደስ ይላል፣ ዳገት ስትጀምሩ ግን ከፔዳሉ ኋላ ቀርታችኋል፣ ፊቱ ቀለለ፣ ጎማው እንደ ሰካራም ግራ ቀኝ ይላል። (ወንበሩን በእውነት የሞከራችሁ ኮመንት ላይ ንገሩኝ፣ ከወደቃችሁ ግን እኔን አታውቁኝም።)

በቁጥር ስናየው፣ ቁመት በ20 ሚሊ ሲጨምር የመሪው አንግል ወደ አንድ ዲግሪ ገደማ ይተኛል፣ ፔዳሉም ትንሽ ከመሬት ይርቃል። ከድሮው ቁመት 20 ሚሊ ብትበልጡ ችግር የለም፣ እንደውም ብዙ የድሮ ሳይክል ያምርበታል። ከዛ በላይ ግን እኔ የለሁበትም።

አሁን ወደ ኮመንቶቹ፣ ምክንያቱም ባለፈው ቪዲዮ ስር አንዱ «ብሮ ስቀመጥበት ይወርድ የለ እንዴ፣ ስለዚ 80ውን አውጥቼ 150 ብገጥም ያው ነው» ብሎ ጽፎ ላይኩን አዘነቡለት። ቆይ አብረን እናስላው። ስትቀመጡበት የሚወርደው፣ ሳግ የሚባለው፣ ሩብ ያህሉ ነው እንበል። 80ው 20 ሚሊ ወረደ። 150ው 37 ወረደ። ልዩነቱ 17 ሚሊ። ሲጀመር ግን 150ው ቢያንስ በ70 ሚሊ ይረዝማል! 17ቱን ቀንሱለት፣ አሁንም ከአምስት ሴንቲ በላይ ከፍ ብላችሁ ነው የምትነዱት። ያው አይደለም። ምንም ያው አይደለም።

ከስሩ ደግሞ በሞላ ፈንታ በታመቀ አየር የሚሠራ ፎርክ ያለው ሌላው መጣ፣ «አየሩን ልቀንሰዋ!» ወንድሜ አየር ስትቀንስ ፎርኩ አላጠረም፣ ላላ እንጂ። ገና ፍሬን ስትይዝ አፍንጫው ይደፋል፣ ትንሽ ጉድጓድ ስታገኝ መጨረሻው ድረስ ሄዶ ጓ! ይላል። በትክክል ማሳጠር ከፈለግክ አንዳንድ የአየር ፎርኮች ተፈተው ውስጣቸው ያለው ዘንግ ይቀየራል ወይ ስፔሰር፣ ማሳጠሪያ ቁራጭ ይገባበታል፣ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ትራቭሉም ቁመቱም አብሮ ይቀንሳል። ደግሞ አንድ ያልተባለ ነገር፣ ረጅም ፎርክ ፍሬሙን እንደ ዲጂኖ ነው የሚፈነቅለው፣ የድሮ ቀጭን ፍሬም የሚሰነጠቀው ደግሞ የመሪው ቱቦና የታችኛው ቱቦ የተበየዱበት ጋ ነው። ለማንኛውም እዛች ጋ ቀለሙ ፀጉር የምታክል መስመር ካሳየ ፎርክ መፈለጉን ተዉት። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ በዚ አጋጣሚ አድርጉ፣ ንዴቴ ይብረድልኝ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ፣ በፍጥነት ልለፈው። ስቲረር፣ ከፎርኩ ወጥቶ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው ቱቦ፦ የድሮው ከላይ እስከታች ቀጥ ያለ 28.6 ሚሊ ነው፣ አዲሶቹ ግን ታች 1.5 ኢንች እየሆኑ ይሰፋሉ፣ የፍሬማችሁ ቱቦ ውስጡ 34 ሚሊ ከሆነ አይገባም፣ አትታገሉት፣ 44 ከሆነ ታች ውጪ በሚቀመጥ ኩሽኔታ ይሆናል። አክስል፦ የድሮው 9 ሚሊ ኩዊክ ሪሊዝ ነው፣ 15 ሚሊ ያለው ፎርክ ከገዛችሁ የፊት ሀባችሁም (አክስሉ የሚያልፍበት የጎማው መሃል) ይቀየራል። ፍሬን፦ ቪ-ብሬክ (ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚቆነጥጠው) ከሆናችሁ ፎርኩ ላይ የሚታሰርባቸው ሁለቱ ጉጦች መኖራቸውን እዩ፣ አብዛኞቹ አዳዲስ ፎርኮች የላቸውም፣ ዲስክ ብቻ ናቸው። የ27.5 ፎርክ ለ26 ጎማ? በዲስክ ይሄዳል፣ ቁመቱን ግን አሁንም ለኩ። እሺ ጨረስን።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ስቲረሩ ስንት እንደቀረው ጠይቁ፣ ፎቶ ብቻ አይበቃም፣ ባለቤቱ ለራሱ ፍሬም ቆርጦታል። የናንተን የፍሬም ቱቦ፣ ሄድሴቱን (የመሪውን ኩሽኔታዎች)፣ ከስተሙ ስር ያሉትን የስፔሰር ቀለበቶችና መሪውን የሚይዘውን ስተም ቁመት ደምራችሁ፣ ስቲረሩ ከዛ ካነሰ በቃ፣ አይቀጠልም። ከዛ የሚያብረቀርቁትን እግሮች ጥረጉና ጥፍራችሁን ከላይ ወደታች ጎትቱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲስ «ሲል» (ዘይቱን የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) ብትገጥሙለትም ያው ዘይት ያፈሳል።

የኔ አስተያየት? አዲሱ ርካሽና ከባድ የሞላ ፎርክ፣ ዘይት የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚዘል ከሆነ፣ ቁመቱ የሚመጥን የማይወርድ ጠንካራ ፎርክ ይሻላል፣ ቢያንስ ሳይክሉ ይቀላል። የድሮው ፎርክ ደግሞ ሲልና ዘይት ብቻ ፈልጎ ሊሆን ስለሚችል መለዋወጫው ካለ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

ስትቀይሩ የድሮው ክራውን አናት ላይ፣ ስቲረሩ ስር ጥብቅ ብላ የተቀመጠችውን ቀለበት እንዳትረሱ፣ የታችኛው ኩሽኔታ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ኩሽኔታው ካልተቀየረ ወደ አዲሱ ትዛወራለች። እንዴት ሳትጎዱ እንደምታወጧት በሚቀጥለው ቪዲዮ አሳያችኋለሁ፣ እስከዛ ፎርኩን ለማንም እንዳትሰጡ። ቻው።