«ቤቶች!» ስትለኝ ዝም ያልኩባት ሌሊት

እሺ። ፖድካስቱ እየተቀዳ ነው። ያው እንደምታውቁት ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቻለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮም አልራራልንም። ድምፄ ታፍኖ ከተሰማችሁ በዚያ ምክንያት ነው።

ባለፈው «ሰሞኑን ከወጡት ሆረር ፊልሞች የቱን እንይ፣ የቱን እንተው?» ብላችሁኝ ነበር። ዝርዝር ይዤ እመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ዝርዝሩ አለ። ግን አንዱ ላይ ቆሜ ልቀር እችላለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ ነገር አለ፤ ከዚያ ፊልም ጋር ተጣብቋል። «ሲነርስ»ን ያላያችሁ መጀመሪያ አይታችሁ ተመለሱ። የበሩን ነገር ማውራቴ አይቀርም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንበላቸው።

«ዌፐንስ»ን እዩት። ዛክ ክሬገር ነው የሠራው። ከአንድ ክፍል 17 ልጆች በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ደቂቃ፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 8፡17 ላይ ከአልጋቸው ተነስተው፣ በር ከፍተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ጨለማው ውስጥ እየሮጡ ይጠፋሉ። አንድ ልጅ ብቻ ይቀራል። እኔን ያስፈራኝ ግን ሩጫው አይደለም። ወላጆቹ መልስ ሲያጡ መምህርቷ ላይ ይነሳሉ። መኪናዋ ላይ «ጠንቋይ» ተብሎ ይጻፍባታል። ይህን ያዙልኝ። እመለስበታለሁ መሰለኝ።

«ኖስፈራቱ»፣ የሮበርት ኤገርስ። እ.ኤ.አ. በ1922 የተሠራውን የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ነው እንደገና የሠራው። ሥዕል ነው። እያንዳንዱ ምስል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ልቤ ግን አልመታም። ለምስሉ ብላችሁ ካያችሁት አትጎዱም።

«ዘ ኮንጀሪንግ፦ ላስት ራይትስ»ን እለፉት። በር ድርግም ሲል ሰው ይደነግጣል፤ ለዚያ ነፋስም ይበቃል። ከ2 ሰዓት በላይ በር ድርግም ሲል ሳይ ቆየሁ።

«ብሪንግ ኸር ባክ»... እ። የአውስትራሊያዎቹ ወንድማማቾች ነው፣ «ቶክ ቱ ሚ»ን የሠሩት። ጎበዞች ናቸው። ግን ትናንሽ ልጆች ያላችሁ ተዉት። ከልቤ ነው። ሳሊ ሃውኪንስ ልጇ የሞተችባት እናት ሆና ትሠራለች። ያንን ፊልም ሳይ ሙሉ ጊዜ የማስበው አንድ ነገር ነበር፦ ለዚህች ሴት ለቅሶ ደራሽ የለም። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ብቻዋን አትተውም። ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል። ሴቶች አብረዋት ያድራሉ። ልብላ ባትልም ያበሏታል። ያቺ ሴት ትልቅ ቤት ውስጥ ከሐዘኗ ጋር ብቻዋን ተቀምጣ ሐዘኑ ሌላ ነገር ሆነ። አንድ የሰፈር ሴት ገብታ «በይ ተነሺ፣ ቡና እናፍላ» ብትላት ኖሮ ፊልሙ አይኖርም ነበር። አንዴ አየሁት፤ አልደግመውም። ጥሩ ፊልም ነው ግን።

ጎረቤት አልኩ። አዎ። እዚያው ገባሁ ማለት ነው።

«ሲነርስ»። ራያን ኩግለር። አሜሪካ ሲኒማ የገባው በ2017 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ነው። ያን ዓመት የእኛም የእነሱም ስቅለት በአንድ ቀን ውሏል። ታሪኩ ሚሲሲፒ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1932። ማይክል ቢ. ጆርዳን ሁለት መንትያ ወንድማማቾችን ብቻውን ይሠራል። ጥቁሮቹ የሚጨፍሩበት ቤት ይከፍታሉ፣ ሌሊቱን ደም መጣጮች ይመጣሉ። ደም መጣጭ ደግሞ ካልጋበዝከው መግባት አይችልም። በር ላይ ቆሞ «አስገቡኝ» ማለት አለበት።

እዩት። ስለ ሙዚቃው ብቻ አንድ ክፍል ይወጣዋል። ዛሬ ግን አልችልም።

እኔ ብቻዬን ነበር ያየሁት። ሰርቪስ ክፍሏ ውስጥ። መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት አልፎታል፣ ላፕቶፑ ግን ቻርጅ ነበረው። ውጭው ጭጋግ ነው። በር ጠባቂው፣ ኮርንብሬድ፣ ሽንት ሊሸና ወጥቶ ይመለሳል። በር ላይ ቆሞ ይለምናል። ሥራዬን ልሥራ፣ አስገቡኝ ይላቸዋል። ድምፁ የራሱ ነው። ፊቱ የራሱ ነው። ጓደኛቸው ነው። ውስጥ ያሉት ያዩታል። ከመግባት ምን ከለከለህ ይሉታል።

እዚያ ጋ ነው «ቤቶች!» የተባለው።

ከፊልሙ አይደለም። ከእኔ በር ነው።

ኤርፎኑን አወጣሁት። ፊልሙን አቆምኩት። ማቆሜ ትዝ ይለኛል፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። እንደገና፣ ቀስ ብሎ፣ «ቤቶች!»። የሴት ድምፅ ነው። ከዚያ «የኔ ልጅ፣ ተኝተሻል?»

አወቅኳት። ይህን መዋሸት አልችልም። ማን እንደሆነች በመጀመሪያው «ቤቶች» አውቄአለሁ። እትዬ ናቸው። ከእኔ ሦስተኛዋን ክፍል የተከራዩት። ጀበናና ምጣድ የሚሸጡት። ባለፈው ዓመት ክፍሎች ላይ ስለ ቡናቸው ያወራሁላችሁ እኚያው ናቸው።

አልመለስኩም።

ምን ያህል ጊዜ ነው? አሥር ሰከንድ? አሥራ አምስት? እግራቸው ጠጠሩ ላይ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። ትንፋሼን ይዤ ነበር። የላፕቶፑ ብርሃን ፊቴ ላይ ነው፣ በበሩ ሥርም ወደ ውጭ ይወጣል። በሬ ሥር ክፍተት እንዳለው ታውቃላችሁ፤ በጨርቅ ደፍኚው እያላችሁ ስንቴ ጽፋችሁልኛል። ሦስተኛ እስኪጠሩ ጠበቅኩ። አያቴ «በሌሊት ስምሽን የጠራ ሦስት ጊዜ ካልጠራሽ አትመልሺ» ትል ነበር። ሦስተኛው አልመጣም። ጠጠሩ ተሰማ። ከዚያ የግቢው በር።

ጠዋት ነው የሰማሁት። የልጅ ልጃቸው ትኩሳት ይዞት ሲቃጠል አድሯል። የእሳቸው ስልክ ባትሪ ዘግቷል። ባጃጅ እንድጠራላቸው ነበር የፈለጉት። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ልጁን አዝለው በዚያ ጭጋግ በእግራቸው ሄዱ። ልጁ ደህና ነው። መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ፤ ልጁ ደህና ነው፣ ትናንትም ግቢ ውስጥ ኳስ ሲያንከባልል ነበር።

እኔ ለራሴ የሰጠሁት የመጀመሪያ ምክንያት ፊልሙ ነው። ሰው ደም መጣጭ በር ላይ ቆሞ ሲለምን እያየ እውነተኛ በር ቢንኳኳበት ይደነግጣል። ሁለተኛው ምክንያት ጊዜው ነው። ባለፉት ዓመታት በእኛ አካባቢ በሌሊት በር ሲንኳኳ ሰው ምን እንደሚያስብ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሁለቱም ግን ማን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ነው የሚሠሩት። እኔ ድምፁን አውቄዋለሁ።

ሦስተኛው...

አያቴ የአንኮበር ሰው ናት። ነፍሷን ይማርና ከእሷ በላይ የምወደው ሰው አልነበረኝም። ልጅ እያለን ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥራ አንገታችን ላይ ታስርልን ነበር። ለቡዳ። ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች ገበያ ላይ እንዳያዩን በነጠላዋ ትሸፍነን ነበር። ምጣዱን ትገዛለች፣ እንጀራውን ትጋግርበታለች፣ የሠራችውን ሴት ግን ቤት አታስገባም። ማታ ደግሞ ጅብ እየሆኑ እንደሚወጡ ትነግረናለች። እኔ ሆረር መውደድ የጀመርኩት እዚያ ነው። ምድጃው ዳር፣ ጉልበቷ ሥር ተቀምጬ። ስንት ጊዜ «እንዴት ሆረር ወደድሽ?» ብላችሁኛል። መልሱ ያ ነው፣ ያን ያህል ንጹሕ መልስ አይደለም።

እና «ሲነርስ» ላይ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት አለ። ማን ሰው እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ ለመለየት አንድ በአንድ ይበላሉ። እዚያ ጋ ስደርስ፣ በማግስቱ ነው የጨረስኩት፣ አፌ ውስጥ የአንገቴ ክታብ ሽታ መጣ።

ምኒልክ፣ እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት፣ ባለእጁን በሙያው አትስደቡ ብለው አዋጅ አውጀዋል። ከመቶ ዓመት በፊት። እኔ የተማርኩ ነኝ። እትዬ ቤት ቡና እጠጣለሁ። ቡዳ የሚባል ነገር አላምንም፤ በዚሁ ፖድካስት ላይ ተናግሬአለሁ፣ ከአንዳንዶቻችሁ ጋርም ተከራክሬአለሁ። ከ«ዌፐንስ» መምህርት ጋር ነኝ ብዬ ነው የማስበው። ከጻፉባት ሰዎች ጋር አይደለሁም።

ግን ጨለማ ነበር። ብቻዬን ነበርኩ። ድምፁ ሲመጣ ከእኔ ቀድሞ የሰማው... ማን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት አያቴ ናት። ምናልባት ደግሞ በራሴ ላይ እያጋነንኩ ነው፣ የፈራሁት ጭጋጉን ብቻ ሊሆን ይችላል። የታችኛው ሰፈር ሱቅ ያለው ልጅ «ቤቶች!» ቢለኝ እከፍት ነበር? ይህን ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሴን የምጠይቀው። አንዳንድ ቀን አልከፍትም ነበር እላለሁ። አንዳንድ ቀን ሌላ ነው መልሱ።

ስለዚህ ሆረር ማየት ዋጋ አለው ወይ ብላችሁ ከሆነ... አዎ ልል ነበር። ውስጣችን ያለውን ያሳየናል ልል ነበር። ግን ያቺ ሌሊት ፊልሙ ምንም አላሳየኝም። በር አስዘጋኝ። ወይም በሩ ድሮም ዝግ ነበር። ይሄን ልተወው።

እትዬ በማግስቱ ጠዋት ውሃ ሲቀዱ አገኘኋቸው። «እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» አልኩ። «ደህና» አሉ። ዓይናቸውን አየሁት። በበሩ ሥር ያለውን ብርሃን አይተው ይሆን? አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ለቡና ጠርተውኛል። ሁለቱንም ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ልነግራቸው ነበር፤ አንዴ ልጁ መጣ፣ አንዴ ደግሞ... እንጃ፣ ዕጣኑ እየጨሰ ነበር፣ እሳቸው ስለ ገበያ እያወሩ ነበር፣ ስኒውን ይዤ ተቀመጥኩ።

በሩን በጨርቅ ደፍኜዋለሁ። ለብርዱ ብዬ ነው።

ቆይ። ውጭ የሆነ ሰው አለ መሰለኝ። ላቁመው።