ሸረሪቷ «ወንዙ ሞልቷል» ስትለን
አምስት ኪሎ፣ ለአካባቢው ነዋሪዎች፣ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቻችን፣ ከቀበናና ከግንፍሌ የመጣችሁ የእድር ዳኞችና እናቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የጥሪው ወረቀት ላይ የንግግሬ ርእስ «የአካባቢ አደጋን የሚከታተሉ የሴንሰር መረቦች» ይላል። ርእሱን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ይህን ርእስ አንብባችሁ፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ከመጣችሁ ትዕግሥታችሁ ይገርመኛል። ስለዚህ ርእሱን ትቼ በሸረሪት ልጀምር።

ባለፈው ክረምት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ ሁለት ቃል ነው፦ «ወንዙ ሞልቷል»። የላከው ሰው አይደለም። ቀበና ላይ ከድልድይ ሥር ያሰርነው ሳጥን ነው። አንድ ተማሪዬን ቀስቅሼ፣ ጃኬት ደርበን፣ የእጅ ባትሪ ይዘን እየሮጥን ወረድን። ወንዙ እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ ይሄዳል። ዝናብ እንኳን የለም። መጀመሪያ ደስ አለን፣ ቀጥሎ አፈርን።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሴንሰር የሌሊት ወፍ የምትሠራውን ይሠራል። የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ታች ይለቃል። ድምፁ ውኃው ላይ ነጥሮ እስኪመለስ ጊዜውን ይቆጥራል። ቶሎ ከተመለሰ ውኃው ቀርቧል፣ ማለትም ከፍ ብሏል። ያን ሌሊት ድምፁ ገና ከመውጣቱ ይመለስ ነበር። የእጅ ባትሪውን ወደ ላይ ስናበራ አንዲት ሸረሪት የሴንሰሩ አፍ ላይ ድሯን ዘርግታ፣ መሐሉ ላይ ተደላድላ ተቀምጣለች።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። አንድ ድር ብቻውን ሁለት ሰው ከአልጋው እንደሚያስነሳ ግን የነገረን አልነበረም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ አሠራራችንን ቀየርን። አሁን አንድ ሳጥን ራሱን አያምንም። «ውኃው ከፍ ብሏል» ብሎ ሲያስብ፣ መጀመሪያ ከሱ በላይ ያለውን ሳጥን ይጠይቃል። እንጦጦ አጠገብ ያለውን የዝናብ መለኪያም ይጠይቃል። ሦስቱ ካልተስማሙ የሰው እንቅልፍ አይነካም። መረብ የምንለው ይህንን ነው። ብዙ ሳጥን ስለተሰቀለ ብቻ መረብ አይሆንም። ሳጥኖቹ እርስ በርስ መጠያየቅ አለባቸው።

ሸረሪቷን በብሩሽ ጠርገን ብንገላገልም ሌላ ጉድ ጠበቀን። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ይፈጥናል። ጠዋት 10 ዲግሪ የነበረው አየር ቀትር ላይ 24 ሲደርስ፣ ከሴንሰሩ እስከ ውኃው 3 ሜትር ካለ፣ ስሌቱ በ7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዛባል። ወንዙ ምንም ሳይነካ በየቀኑ ቀትር ላይ ከፍ ይላል፣ ማታ ይወርዳል። አንድ ተማሪ ይህን ግራፍ አይቶ «ዶክተር፣ ቀበና ማዕበል አለው እንዴ?» ብሎኛል። መድኃኒቱ አጠገቡ ርካሽ ቴርሞሜትር ማኖር ነበር።

ለምን እንጦጦ ድረስ እንደምንወጣ ልንገራችሁ። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እኛ የተቀመጥንበት ቦታ ከሱ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በመካከሉ ያለው መንገድ ደግሞ አጭርና ቁልቁል ነው። እንጦጦ ሲጠቁር አራት ኪሎ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ልጆች ወንዝ ዳር ኳስ ይጫወታሉ። ውኃው ግን ጉዞ ጀምሯል።

መጠኑን በቦቴ ላስላላችሁ። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 10 ሚሊዮን ሊትር ነው። አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ የውኃ ቦቴ ብንወስድ 1,000 ቦቴ ማለት ነው። ያውም አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ፣ ያውም መጠነኛ ዝናብ። ሁሉም ወንዝ አይገባም፣ አፈርና ዛፍ የድርሻቸውን ይጠጣሉ። አስፋልትና ቆርቆሮ ግን አይጠጡም።

ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ከተማዋን ከከበቡት ደጋዎች የወረደው ውኃ ሌሊት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ውኃው ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ አልነበረም። መምጣቱን በሰዓቱ የነገራቸው ግን አልነበረም።

ወደ ቀበና ልመለስ። ሳጥኑን ስናስር ከድልድዩ ማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት ሁልጊዜ ያዩናል። አንድ ቀን «እናንተ ልጆች፣ ሌሊት ሌሊት እዚህ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አሉን። ነገርናቸው። ሳቁ። «እኔ እኮ ሳላየው አውቀዋለሁ» አሉ። እንዴት አልናቸው። «ድምፁ ይወፍራል። ከዚያ ከሥር ድንጋዩ ሲንከባለል ግድግዳው ይነግረኛል። አልጋዬ ግድግዳው ጥግ ነው።»

ተማሪዎቹ ተያዩ። እማማ የነገሩን ጂኦፎን የሚባለውን መሣሪያ ነው። የመሬትን ንዝረት ይሰማል። አውሮፓ ውስጥ በአልፕስ ተራሮች ላይ ጭቃና ድንጋይ ይዞ የሚወርድ ጎርፍን ቀድሞ ለመስማት ይጠቀሙበታል። እኛ ወንዙን ከላይ ስናይ ከርመን ነበር። እማማ ከታች ይሰሙታል። አሁን ሁለተኛው ሳጥናችን መሬት ውስጥ የተቀበረ ጂኦፎን አለው። ቦታውን የመረጡልን እሳቸው ናቸው።

መሬት ማዳመጥ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ነገር አይደለም። እዚሁ ታች አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ፣ ከ1950 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመዘግብ ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ አለ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ ከየፎቁ በነጠላ ጫማ የወረዳችሁ ትኖራላችሁ። እኔም ወርጃለሁ። በማግስቱ የደወለልኝ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዛሬ ማታ ይደግማል?»

አላውቅም። ማንም አያውቅም። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ጠርቶ የሚተነብይ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ቲክቶክ ላይ ቢሆንም ባይሆንም፣ አትመኑት። ሴንሰር የሚችለው ሌላ ነው። ፈንታሌ ከዚህ በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ፈጣኑ የመጀመሪያ ሞገድ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ዋናውን ንቅናቄ የሚያመጣው ሁለተኛው ግን ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚህ ለመድረስ ከ35 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። የሬዲዮ መልእክት ደግሞ ወዲያው ይደርሳል። እዚያው ጥግ ላይ ያለ ሴንሰር በጥቂት ሰከንድ ከለየው፣ አዲስ አበባ ግማሽ ደቂቃ ያህል ታገኛለች። በግማሽ ደቂቃ ከዘጠነኛ ፎቅ አይወረድም። ሊፍት ማቆም፣ ምድጃ ማጥፋት፣ ጠረጴዛ ሥር መግባት ግን ይቻላል።

የአየሩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። እዚህ ግቢ ጣሪያ ላይ በጨረር አቧራና ጭስ የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ አለን። የሚቆጥረው ከ2.5 ማይክሮ ሜትር ያነሰውን ብናኝ ነው፣ ሳንባ ሥር ድረስ የሚገባውን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የዓመት አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ብሏል። ኅዳር 12 ቀን ማታ መስመሩ ከወረቀቱ ይወጣል። አያቶቻችን ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በኋላ በሽታን ለማባረር ያጨሱት ጭስ ነው፣ ዛሬ ግን የምናቃጥለው ፌስታልና ጎማ ነው። «ኅዳር ሲታጠን» ስንል እኛም አብረን እየታጠንን ነው። መሣሪያው ደግሞ የራሱ ድክመት አለው፤ በክረምት ጉሙን ጭስ ይለዋል። የሚስተካከለው ደረጃ ካለው ውድ መሣሪያ አጠገብ አስቀምጠው ሲያስተያዩት ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ መስመሩ በየቀኑ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሽቅብ ሲወጣ ግራ ገብቶን ነበር። ለካ የጥበቃችን ቡና ነው፣ ከነዕጣኑ።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ።

እ.ኤ.አ. በ2005 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ኢኳዶር ውስጥ ሬቬንታዶር በሚባል እሳተ ገሞራ ላይ 16 ሳጥን በ3 ኪሎ ሜትር መስመር ተክለው ነበር። በ19 ቀን ውስጥ 230 የተራራው እንቅስቃሴ መዘገቡ። በሙያችን ሁሉም የሚያውቀው ሥራ ነው። እኔ ተማሪዎቼን የማስተምረው ግን የተበላሸውን ነው። አመድና ዝናብ ሲወርድባቸው የነበሩት ሳጥኖች በአብዛኛው ጠንክረው ሠርተዋል። ደጋግሞ ያስቸገረው ሰዎቹ ያሉበት፣ መረጃው የሚገባበት ጣቢያ ነው። መብራት እየሄደ! ይህን ሳነብ ኢኳዶርን እንደ ጎረቤት ነው የወደድኳት።

የኛም መረብ የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው። ወንዙ ጋ አይደለም፣ ሰው ጋ ነው። መልእክቱ መጣ እንበል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ስልኬ ቢዘጋስ? ካርድ ቢያልቅብኝስ? እኔስ ብነሳ የወንዝ ዳር ቤቶችን ማን እየዞረ ያንኳኳል? እኔ በየትኛው ቤት አልጋ የያዘ ሽማግሌ እንዳለ አላውቅም።

የዕቃውም ነገር አለ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት «ይህ ነገር የሚያዳምጠው ማንን ነው?» ብሎ ሳጥናችንን ለወራት ይዞብናል። ወንዝ ነው ብንል ማን ይመነን። ጥቂቱን ክፍል መርካቶ አገኘነው። ብየዳውን የሠሩልን ሞባይል ጠጋኝ ልጆች ናቸው፣ እጃቸው ከኛ ላብራቶሪ ይሻላል። መጀመሪያ የሰቀልነው ሶላር በሳምንቱ ተሰረቀ። ሁለተኛውም ተሰረቀ። ሦስተኛውን ስንሰቅል የእድሩን ዳኛ አስፈቅደን ሳጥኑ ላይ በቀይ ቀለም «የእድር ንብረት» ብለን ጻፍንበት። እስከ ዛሬ የነካው የለም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ገመና ልግለጥ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሴንሰር የሚተከለው ለመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ማስተርስ ሁለት ዓመት ነው፣ ክረምት በዓመት አንዴ ነው። ተማሪው አንድ ቢበዛ ሁለት ክረምት ያያል። ጽሑፉን ያቀርባል፣ ይጨበጨብለታል፣ ፎቶ እንነሳለን። ሳጥኑ እዚያው ድልድይ ሥር ባትሪው አልቆ ይቀራል። በየዋሻውና በየጣሪያው የተንጠለጠሉ የኛ ሙታን አሉ። ባትሪ በመቀየር ዲግሪ የሚሰጥ ዲፓርትመንት እስካሁን አላየሁም። ጎርፍ ግን የትምህርት ካላንደር የለውም። ቀበና ሃያ ዓመት ዝም ብሎ በሃያ አንደኛው ሊመጣ ይችላል።

እድር ግን አለ። እድር የሚመረቅ አባል የለውም። በየወሩ መዋጮ ይሰበስባል፣ መዝገብ ይይዛል፣ የማን ቤት የት እንደሆነ ያውቃል። ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት አለው። ከሁሉ በላይ ጡሩምባ ነፊ አለው። ጡሩምባ ሌሊት ሲነፋ ከዚህ ሰፈር ተገልብጦ የሚተኛ የለም። እኛ ለዚህ ዓይነት ማስጠንቀቂያ ገንዘብ ለማግኘት ስንት ፕሮፖዛል ጽፈናል!

ስለዚህ የዛሬው ጉዳዬ ምርቃት መስማት አይደለም፣ ርክክብ ነው። ከቀበናና ከግንፍሌ ከየእድሩ ሁለት ሁለት ሰው ስጡን። አንዱ ወጣት ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ሌላው ሰፈሩን የሚያውቅ። መልእክቱ ከእንግዲህ ለኔ ብቻ ሳይሆን ለእነዚህ ሰዎች ስልክ በቀጥታ ይሄዳል፣ በአማርኛ። ባትሪውና የሲም ካርዱ ወጪ በዩኒቨርሲቲው በጀት እንዲገባ ጠይቀናል፣ መልሱን እየጠበቅን ነው። እስከዚያው እኛ መምህራኑ እናዋጣለን። ሳጥኑ ሲበላሽ የሚጠግን ተማሪ በየዓመቱ እንመድባለን፤ ተመርቆ ሲሄድ ለተተኪው አስረክቦ ነው።

የምትጠይቁኝን አውቃለሁ። «በሐሰት ቢጮህስ? ሰው በከንቱ ሌሊት ቢወጣ ሁለተኛ ይሰማል?» ትክክል ናችሁ። ሁለቱ ሳጥንና የዝናብ መለኪያው ካልተስማሙ ጡሩምባ አይነፋም። ጡሩምባውን የሚያስነፋው ደግሞ ሳጥኑ አይደለም። እማማ ናቸው። አስቀድሜ ለምኛቸው እሺ ብለውኛል። መልእክቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደወለው ለሳቸው ነው። ግድግዳቸው ምን እንደሚል ይነግሩናል።

ሻይና ዳቦ ውጭ በረንዳው ላይ አለ። በሩ ጋ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ ሳጥን አስቀምጠናል፣ ከነመፍቻው። አራት ብሎን ነው። ክፈቱት፣ ነካኩት፣ ቢሰበርም ተማሪዎቹ ይሠሩታል። ብሩሹም አጠገቡ አለ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ የሴንሰሩን አፍ የሚጠርግ ሰው ስም የሚጻፍበት ወረቀት ከሥሩ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የኔ ስም አለ። ከሁለተኛው ጀምሮ ባዶ ነው።