የማስተርስ ሁለት ዓመት በጎንደር ወራት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከጎንደርም ከሌላም ቦታ የምትጽፉልኝ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ስለሆነ እሱን ይዤ መጥቻለሁ፤ ማስተርስ ከምዝገባ ጀምሮ ቴሲሱ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናቱ፣ ተጠርዞ እስኪገባ ድረስ ጊዜው እንዴት ይያዛል?

እኔ አሁን የሕዝብ ጤና ማስተርስ አንደኛ ዓመት፣ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን ጤና ጣቢያ እየሠራሁ ለሌሎች ተማሪዎች ቴሲስ ዳታ ስሰበስብ ዓመታት አልፈዋል። ደምቢያ፣ ወገራ፣ ላይ አርማጭሆ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሁሉም ጋ መጠይቅ ይዤ ዞሬያለሁ። ቴሲስን ያወቅሁት ከክፍል ሳይሆን ከሰው ደጃፍ ነው። እዚያ ሆኜ የተማሪዎቹን ጭንቀት ሳይ የገባኝ ነገር፣ ሁለቱን ዓመት የሚጨርሰው መጠበቅ መሆኑ ነው። ሥራው እንኳ ቢከብድም ይሠራል።

አንደኛው ዓመት ኮርስ ነው። ኤፒዲሚዮሎጂው፣ ባዮስታቲስቲክሱ፣ የምርምር ዘዴው፤ ቢከብድም ቀኑን ሌላ ሰው ቆርጦ ይሰጣችኋል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን ቀን የሚቆርጥላችሁ የለም። ርዕስ ማጸደቅ፣ ፕሮፖዛል የሚባለው የጥናት ዕቅድ፣ ዕቅዱን መምህራን ፊት ቀርቦ የማስረዳት የፕሮፖዛል ዲፌንስ፣ ኢቲካል ክሊራንስ የሚባለው የምርምር ሥነ ምግባር (ኢቲክስ) ኮሚቴ ፈቃድ፣ ለወረዳው የትብብር ደብዳቤ፣ ዳታ፣ ትንተና፣ ጽሑፍ፣ ዲፌንስ፣ እርማት፣ ጥራዝ። እዚህ ውስጥ እያንዳንዱ መሸጋገሪያ ላይ የሌላ ሰው ፊርማ አለ። የሚፈርመው ሰው ደግሞ ስብሰባ አለበት፣ ፊልድ ይወጣል፣ ይታመማል፣ ለቅሶ ይሄዳል።

ስለዚህ እኔ ዕቅዴን ስጽፍ ደብተሬን ለሁለት ከፈልኩት። በአንድ በኩል የራሴን ቀን፣ በሌላው በኩል የሰውን ቀን። መጠይቅ ማዘጋጀት የኔ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ተቀምጬ እጨርሰዋለሁ። የኢቲክስ ኮሚቴ መልስ ግን የኔ አይደለም፤ ኮሚቴው የሚሰበሰብበት ቀን አለው፤ አስተካክሉ ካለም እንደገና ወረፋ ነው። ጥናቱ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የሚያካትት ከሆነ የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ነገሩን ለመረዳት የደረሰ ልጅም ራሱ መስማማት አለበት። ያ ሁሉ ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ጊዜ ነው። ፕሮፖዛል መጨረሻ ላይ የምናስገባውን የሥራ መርሐ ግብር ሠንጠረዥ ታውቁታላችሁ። ብዙው ተማሪ ካለፈው ባች ገልብጦ ወሩን ብቻ ይቀይራል። እዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ መጠበቅ የሚባል መስመር አይቼ አላውቅም። በግልጽ መግባት አለበት ብዬ አምናለሁ።

አሁን ዳታ መሰብሰብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እሱን ነው በደንብ የማውቀው።

የጤና ተማሪ የሆነ ሁሉ 422 የሚለውን የናሙና ቁጥር፣ ማለትም የሚጠየቀውን ሰው ብዛት፣ ያውቀዋል። ስለ ጉዳዩ ቀድሞ የተሠራ ጥናት ካልተገኘ ጉዳዩ የሚገኝባቸው ሰዎች 50 ከመቶ ናቸው ተብሎ ይያዛል፤ የስህተት ህዳጉ 5 ከመቶ፣ የመተማመኛ ደረጃው 95 ከመቶ ሲሆን 384 ይመጣል። መልስ ለማይሰጡ 10 ከመቶ ሲጨመርበት 422። ናሙናው በደረጃ በደረጃ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በ1.5 ወይም በ2 ይባዛል። እንግዲህ 422ቱን ብቻ እንያዝ። አራት ዳታ ሰብሳቢ አላችሁ እንበል፣ አንዱ በቀን ስምንት ሰው ይጠይቃል። በቀን 32 ነው፤ በ14 ቀን ያልቃል። ወረቀት ላይ ሁለት ሳምንት ብለን ጽፈን እናልፋለን።

ግን ሰብሳቢዎቹ እነማን ናቸው? አብዛኛውን ጊዜ እንደኔ ያሉ ነርሶች ናቸው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ላይ ናቸው። የሚወጡት ቅዳሜና እሁድ ነው። ያ 14 ቀን ሰባት ሳምንት ሆነ ማለት ነው! ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ልጆች ብትይዙ በየቀኑ ይወጡላችኋል፤ ሥልጠናቸው ግን ረዘም ማለት አለበት። የቅድመ ሙከራው ቀንም አለ፤ ከናሙናው 5 ከመቶ፣ ወደ 21 ሰው ገደማ፣ ከጥናቱ ቦታ ውጭ ተጠይቆ መጠይቁ ይታረማል። እሱም በዕቅድ ይያዝ።

ቀጥሎ ወቅቱ። አንድ ኅዳር ላይ ደምቢያ ወርደን ነበር፤ ጤፍ የሚሰበሰብበት ጊዜ። የደረሰችኝ እናት አውድማ ላይ ናት፤ ራሷን በነጠላ ጠቅልላ፣ እጇ ላይ መጥረጊያ፣ ዓይኗ ሰማይ ላይ። «እናቴ፣ ትንሽ ጥያቄ ነበረኝ» ስላት «በይ ቶሎ በይኝ ልጄ፣ ደመናው እየመጣ ነው» አለችኝ። መጠይቁ ብዙ ገጽ ነው። ከሦስተኛው ገጽ በኋላ ለሁሉም ጥያቄ «አዎ» ማለት ጀመረች። ዓመቱን ሙሉ አልታመምሽም? አዎ። ታመሽ ነበር? አዎ። እሷ ምን ታድርግ፤ የዓመት ቀለቧ ሜዳ ላይ ነው። መጠይቁን አቋርጬ «በዓል ቀን ልምጣ?» አልኳት። «ለባለወልድ ነይ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ነኝ» አለችኝ። በ29 ሄድኩ፤ ቡና አፍልታ፣ ልጇን አቅፋ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ አስባ መለሰችልኝ። አንድ ጥናት እውነተኛ መልስ የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ነው። በተማሪው ሠንጠረዥ ላይ ግን ኅዳርም የካቲትም እኩል ሳጥን ናቸው።

ለዚህ ነው የኔን ዕቅድ ከመስከረም ሳይሆን ከገጠሩ ወራት የጀመርኩት። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፤ መገጭ ሲሞላ ደምቢያ ታች ውሃ ይተኛበታል፣ ቀበሌ መድረስም ያስቸግራል። ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ ነው። ጥር 10፣ 11 እና 12 ጎንደር ጥምቀት ላይ ናት፤ ቢሮም የለ፣ ከተማው በእንግዳ ሞልቶ አልጋ አይገኝም። ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ያለው ጊዜ ነው ሰፊው፤ መንገዱ ደርቋል፣ እህሉ ጎተራ ገብቷል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ የሚያስቀድሱት እስከ 9 ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ እነሱን በጠዋት መፈለግ ልፋት ነው።

ርዕሱ ራሱ ወቅት ያለው ከሆነ ግን ይኼ ሁሉ ይገለበጣል። ወባን የሚያጠና ሰው ዝናቡ ሲያቆም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ሜዳ ላይ መሆን አለበት። እንዲያ ከሆነ ክሊራንሱ ነሐሴ ላይ እጁ መግባት ይኖርበታል፤ ርዕሱም አንደኛ ዓመት ሳያልቅ ተቆርጦ ማደር አለበት። ተማሪ ቤት የሚሠራውም እንዲሁ፣ ከፈተናና ከክረምት ዕረፍት ጋር እንዳይጋጭ ያስላ።

እኔ ዳታዬን ከጥምቀት በኋላ አስቀምጬ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ጥር መጨረሻ ልወጣ፣ ታኅሣሥ ላይ ክሊራንሱና የትብብር ደብዳቤው፣ ጥቅምት ላይ የፕሮፖዛል ዲፌንስ፣ ክረምቱን በሙሉ ፕሮፖዛል መጻፍ፣ ግንቦት ላይ ርዕስ። ወደ ፊት ደግሞ መጋቢት ላይ ዳታ ይዘጋል፣ ሚያዝያ ትንተና፣ ግንቦት መጀመሪያ ረቂቁ አማካሪዬ ጋ ይደርሳል። ግንቦት መጀመሪያ ላይ አጥብቄ የያዝኩት ሰኔ የሁሉም ሰው ስለሆነ ነው። አንድ አማካሪ ብዙ ተማሪ አለው፤ የዲግሪ ተመራቂዎችም ያኔ ነው የሚመጡበት። በሰኔ የሰጣችሁትን ረቂቅ ረጋ ብሎ ያንብብልኝ ማለት ሰውየውን መበደል ነው።

አማካሪን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ሙሉ ቴሲሱን አንድ ላይ ከመስጠት በየምዕራፉ መስጠት ይሻላል። መግቢያውንና ዘዴውን ከፕሮፖዛሉ አስተካክላችሁ ዳታ እየተሰበሰበ እያለ ልትልኩለት ትችላላችሁ፤ ተሰብስቦ ሲያልቅ የቀረው ውጤትና ውይይቱ ይሆናል። «ዶክተር፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርስልኝ ይሆን?» ብሎ ቀኑን በአክብሮት መጠየቅም ነውር አይደለም። ብዙዎቻችን ይሉኝታ ይዞን ዝም ብለን እንጠብቃለን፤ ዝምታው ወር ይበላል።

መንገድና ኔትወርክንም ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ2015 ክረምት በክልላችን ግጭቱ ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል፤ መንገድ የሚዘጋበትን ቀንም ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚህ ሆኖ የሚያቅድ ሰው ሁለተኛ ቦታ ማዘጋጀት አለበት። እኔ ኢቲክስ ሳስገባ ከገጠሩ ቀበሌ ጋር የከተማውን ክፍለ ከተማም አማራጭ አድርጌ ልጽፍ ነው፤ በኋላ ቦታ ልቀይር ቢባል ሌላ ዙር ፈቃድ ይጠይቃልና። መጠይቁን ኮቦ በሚባለው የዳታ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ላይ ጫኑት፤ ስልክ ላይ ያለ ኔትወርክ ይሞላል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። የምታነቡትን ጽሑፍም ከዛሬ ጀምሮ ዞቴሮ በሚባለው የማጣቀሻ ማደራጃ ፕሮግራም ላይ አስቀምጡ፣ በነጻ ነው። ከምንም በላይ ግን የማንም ዳታ ሰብሳቢ ሕይወት ከቴሲስ አይበልጥም የሚል ተማሪ አትሁኑ። ልጆቹን አደጋ ወዳለበት አትላኩ፤ ሴሚስተር ቢያልፍ ይለፍ።

ከመሥሪያ ቤት በትምህርት ፈቃድ የመጣችሁ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። የሁለት ዓመቱ ፈቃድ የሚያልቅበትን ቀን ዕቅዳችሁ ላይ ጻፉት፤ ከዲፌንስ በኋላ እርማት፣ ጥራዝና ከዩኒቨርሲቲው የመሰናበቻ ክሊራንስ ስላለ ዲፌንሱ ከዚያ ቀን ቢያንስ አንድ ወር ይቅደም።

እኔ በዚህ ሳምንት ሦስት ርዕስ በግማሽ በግማሽ ገጽ ጽፌ አማካሪ ይሆኑኛል ብዬ ላሰብኳቸው መምህር ልሰጥ ነው። ምን እንዳሉኝ በሚቀጥለው ክፍል እነግራችኋለሁ። እናንተም የት ቦታ ላይ እንደምትጠብቁ ጻፉልኝ፤ ኢቲክስ ነው፣ አማካሪ ነው፣ ወይስ ወረዳ? ሰላም ሁኑ።