ልጁ «ረሳሁት» ሲላችሁ
(ደብረ ማርቆስ ላይ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ! ውድ መምህራን፣ እናቶች፣ አባቶች።

ከቢቸና፣ ከደጀን፣ ከአማኑኤል ድረስ የመጣችሁ አላችሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ አላስረዝምባችሁም።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ቃል ነው፤ «ረሳሁት»። ክፍል ውስጥ ስትሰሟት ታናድዳለች አይደል?

በአያቴ ልጀምር። አያቴ ዋሸራ ቅኔ ተምረዋል። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግበው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ የለመኑ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ውሻ ነከሳቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸው እንኳ ስለዚያ ውሻ ሲያወሩ ፊታችን ላይ ድቅን ይል ነበር። ጥቁር ነው። ግራ ጆሮው ተቆርጧል። በየትኛው የአጥር ቀዳዳ እንደወጣ ሳይቀር ይነግሩናል። «የማን ቤት ነበር?» ስንላቸው ዝም። «ቁራሹንስ ሰጡዎት?» ዝም። ያን ዕለት ከየኔታ የሰሙት ቅኔም የለም፣ ጠፍቷል። ስንቱን ቅኔ በቃላቸው የሚወርዱት ሰው!

ነገሩ ወዲህ ነው። ጭንቅላታችን ውስጥ፣ በጆሯችን ትይዩ ጠለቅ ብሎ፣ አሚግዳላ የሚባል የአልሞንድ ፍሬ የሚያክል ክፍል አለ። ዘበኛ በሉት። አደጋ ሲሸተው ይጮኻል። ያኔ ልብ ይመታል፤ ከኩላሊት በላይ ካሉት እጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ የውጥረት ሆርሞኖች ይለቀቃሉ። ከዘበኛው አጠገብ ሂፖካምፐስ አለ። እሱ ጸሐፊ ነው፤ የት፣ መቼ፣ ከምን ቀጥሎ የሚለውን ይመዘግባል። ዘበኛው ሲጮኽ የሚያስፈራው ነገር ጎልቶ ይታተማል፤ ጩኸቱ ሲበዛ ግን ጸሐፊው ይደናገራል። ውሻው ይቀራል፣ ዙሪያው ይጠፋል። መሣሪያ የተደገነበት ሰውም ብዙ ጊዜ አፈሙዙን ያስታውስና የሰውየውን መልክ ይስታል።

ትንሽ ውጥረትማ ይጠቅማል። ፈተና ነገ ነው ሲባል ነው ሁላችንም ያነበብነው። ሲበዛ ነው ጣጣው። ደግሞ ኮርቲሶል የተያዘውን ነገር ማውጣትንም ያከብዳል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ወረቀቱን ሲገልጥ ክው ይላል፣ ሁሉም ይጠፋበታል። ከአዳራሹ ወጥቶ ውኃ ሲጠጣ መልሱ ከች! ይሄ ስንፍና አይደለም። ሌሊቱን ሲባንን ያደረ ልጅም እንደዚያው ነው። ቀን የተማርነው ነገር የሚረጋው ስንተኛ ነው፤ ያልተኛ ልጅ ትናንት የገባውን ትምህርት ዛሬ ቢያጣው አይግረማችሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እዚህ ጎጃም ውስጥ ባለፉት ዓመታት ልጆቻችን ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሰሙ እናንተ ታውቃላችሁ። አልዘረዝረውም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ፒቲኤስዲ የሚባለውን፣ ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም በመመሪያቸው ያሰፈሩት በ1980 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የእኛ ሰው ግን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል። ልጡን አይቶ የሚበረግገው ሰው ልጥ መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። እግሩ ቀድሞት ነው። ክፉ ትዝታ «ድሮ ነው» የሚል ቀን አልተጻፈበትም፤ በድምፅ፣ በጠረን፣ በጭስ ይመለስና አሁን የሆነ ያስመስለዋል።

እዚህ ላይ እኛን ትልልቆቹን ልውቀስ። ልጅ አስቀምጠን እንደ ሽማግሌ ዳኝነት እናፋጥጠዋለን። «ቅድም ሦስት ናቸው አልክ፣ አሁን አራት አልክ! ውሸታም!» ውሸታም ላይሆን ይችላል። የተቆራረጠ ትዝታ ይዞ፣ ቀዳዳውን እየደፈነ ነው የሚነግራችሁ። አደፋፈኑ ላይ ደግሞ የእኛ እጅ አለበት። በ1974 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። ለ50ዎቹ «መኪኖቹ ሲላተሙ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» አሏቸው። ለሌሎች 50 ደግሞ «ሲጋጩ» ብለው ለዘብ አደረጉት። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲሏቸው፣ ከመጀመሪያዎቹ 16ቱ፣ ከሁለተኛዎቹ 7ቱ «አዎ» አሉ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ይህን ያደረገው አንዲት ቃል ነው፤ እነዚያ ደግሞ አንዳች ያልደረሰባቸው ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ «ሽጉጥ ይዞ ነበር አይደል?» አትበሉ። «ከዚያስ?» ብላችሁ ዝም በሉ። ካልተናገረም አትቆስቁሱት። «ንገረኝ፣ ይወጣልሃል» እያልን የምናስጨንቀው ነገር አንዳንዴ ቁስሉን መነካካት ብቻ ነው። እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ፣ ይሄም ከወር ካለፈ ግን ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት። ጠበልም ውሰዱት፣ እኔ አልከለክልም፤ ወደ እኛም አምጡት።

አንድ ነገር አሳይቻችሁ ልውረድ። ከእናንተ መካከል የተቀመጠ አንድ መምህር ነው የነገረኝ። ከሚያስተምራቸው መካከል አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ አለች። የክፍሉ በር ቆርቆሮ ነው፤ ነፋስ ሲመታው ድው ይላል። ድው ባለ ቁጥር ልጅቱ እስክሪብቶዋን ትጥላለች፣ ከዚያ በኋላ የተጻፈ አንድ መስመር ደብተሯ ላይ የለም። መጀመሪያ ተቆጣት። ሁለተኛም ተቆጣት። በሦስተኛው ቀን ከበሩ ጋር ሲያያዘው ጊዜ ከሱቅ አሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ለምኖ አመጣ፣ በቢላ ቆርጦ የበሩ መቃን ላይ በምስማር መታው። ማንንም ምንም አላለም። አሁን በሩ ሲዘጋ ድምፁ ዱብ የሚል ብቻ ነው። ልጅቱ ቀና ትልና ወደ ደብተሯ ትመለሳለች።

አመሰግናለሁ።