የሙዚቃ መጽሔት ሽፋን ዓይን የሚይዘው እንዴት ነው?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሙዚቃ መጽሔት ሽፋን ነው፤ ውስጥ ስላለው ጽሑፍ ሳይሆን ስለዚያች አንድ ገጽ። የሙዚቃ መጽሔት ከሌላው መጽሔት የሚከብድበት ነገር አለ። የሚያወራው ስለ ድምፅ ነው፣ ሽፋኑ ግን አይሰማም። ገዢው በጨረፍታ ዓይቶ ይህ ሮክ ነው፣ ይህ ሂፕ ሆፕ ነው፣ ይህ ለእኔ ነው ማለት አለበት። እኔ እንደማምነው ደግሞ አብዛኛው ሽፋን የሚወድቀው ስላላማረ አይደለም፤ አምስት ነገር በአንድ ላይ ለመናገር ስለሚሞክር ነው።

እስቲ በጣም በሚታወቀው ሽፋን ልጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት ሮሊንግ ስቶን በ1967 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲጀመር የመጀመሪያ ሽፋኑ ላይ የወጣው የቢትልስ ባንዱ ጆን ሌነን ነበር፤ ከሠራበት ፊልም የተወሰደ፣ የወታደር ቆብ ያደረገበት ምስል። ከዚያ ታኅሣሥ 8 ቀን 1980 ፎቶግራፍ አንሺዋ አኒ ሊቦቪትዝ ኒው ዮርክ ቤቱ ሄዳ ሌነንን ከባለቤቱ ከዮኮ ኦኖ ጋር አነሳችው። እሱ ራቁቱን ነው፣ ተጠቅልሎ አቅፏታል፣ ጉንጯን እየሳመ። እሷ ጥቁር ለብሳ ተጋድማለች። በዚያው ምሽት ሌነን በር ላይ ተገደለ። ፎቶው የጥር 22 ቀን 1981 እትም ሽፋን ሆኖ ሲወጣ የጽሑፍ አርዕስት አልተጻፈበትም። በ2005 የአሜሪካ መጽሔት አዘጋጆች ማኅበር ካለፉት 40 ዓመታት ሽፋኖች አንደኛ አድርጎ መርጦታል።

ይህን ሽፋን በጥሞና እዩት፤ የሚታወቀውን ደንብ ሁሉ ይጥሳል። ማንም ካሜራውን አያይም። አርዕስት የለም። ግን ገላው ከጥቁሩ ልብስ ጋር ያለው ልዩነት በጣም ከፍተኛ ስለሆነ የሁለቱ ቅርጽ ከሩቅ ይለያል። አርዕስት ያላስፈለገው ደግሞ ዜናውን ገዢው ቀድሞ ስለሚያውቀው ነው። ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጽሑፍ አልባ ሽፋን ቄንጠኛ ስለሆነ ብቻ የሚቀዱ አዘጋጆች አሉ፤ ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ሕዝቡ ካላወቀው ግን ባዶ ገጽ ሸጡ ማለት ነው። አርዕስቱን የመተው መብት የሚገኘው ምስሉ ብቻውን ታሪኩን ሲጨርስ ነው።

በመደበኛው ቀን የሚሠራው ሌላ ነው። አንድ ሰው፣ ከደረት በላይ፣ ዓይኑ ቀጥታ ወደ ሌንሱ። መንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ዓይን ካለ ዞር ይላል። ካሜራው ከዓይን ትንሽ ዝቅ ካለ አርቲስቱ ይገዝፋል፤ የሮክና የሂፕ ሆፕ መጽሔቶች ይህን የሚወዱት ለዚህ ነው። ባንድ ሲሆን ግን ችግር ይመጣል። አምስት ሰው ጎን ለጎን ሲቆም ወደ ጎን የሰፋ ምስል ይሆናል፣ ሽፋኑ ግን ወደ ላይ የረዘመ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ለማግባት ፊታቸው ያንሳል። መፍትሔው ድምፃዊውን ወደ ፊት ማምጣት፣ ሌሎቹን ከኋላ በተለያየ ከፍታ ማቆም፣ አንዱን ቁጭ ማድረግ ነው። ፊት ለፊት ያለው ሰው ፊት የገጹን ስፋት ሲሶ ያህል ካልያዘ ከሦስት ሜትር ማን እንደሆነ አይለይም።

ከምንም በላይ የሚያበላሸው ግን ለፎቶግራፍ አንሺው ቀድሞ አለመንገር ነው። ከጭንቅላቱ በላይ ሩብ ገጽ ያህል ለመጽሔቱ ስም ይተው፤ ቢያንስ በአንድ ጎን ዥንጉርጉር ያልሆነ ዳራ ይኑር። ይህ ሳይነገር ሲቀር ፎቶው ተጠብቦ ይመጣል። ከዚያ ዲዛይነሩ ወይ ዳራውን እየቀጠለ ያሰፋዋል፣ ወይ አርዕስቱን ባለ መስመር ሸሚዝ ላይ ያሳርፋል። ባለ መስመር ሸሚዝ ላይ የተጻፈ ነገር ደግሞ አይነበብም፤ ጥላ ብትጨምሩበትም አይነበብም።

የመጽሔቱ ስም አቀማመጥ ሌላ ጉዳይ ነው። የአርቲስቱ ጭንቅላት የስሙን ፊደላት ሸፍኖ ሲወጣ ምስሉ ጥልቀት ያገኛል፤ ሰውዬው ከገጹ የወጣ ይመስላል። ሮሊንግ ስቶን ግማሹ ቢሸፈንም ይታወቃል። አዲስ መጽሔት ግን ገና ስሙን እያስተዋወቀ ስለሆነ ከአንድ ፊደል ጠርዝ በላይ ባይሸፍን እመክራለሁ።

በእንግሊዝ ከ1986 እስከ 2020 ይታተም የነበረው ኪው (Q) ይህን በጣም ያወቀበት መጽሔት ነው። ስሙ አንድ ፊደል ነው፣ ነጭ ሆኖ ቀይ አራት ማዕዘን ውስጥ፣ ላይኛው የግራ ጥግ ላይ። ለምን ግራ? በእንግሊዝ ሱቆች መጽሔቶች መደርደሪያ ላይ ሲደራረቡ ብዙ ጊዜ የሚታየው የግራው ጠርዝ ብቻ ነው። አንድ ፊደል ደግሞ አይቆረጥም። ከ1981 ጀምሮ የሚወጣው ኬራንግ በበኩሉ ስሙን የተሰነጣጠቀ መስተዋት በሚመስል ፊደል ይጽፋል። ፎቶውን ሳታዩ፣ ከፊደሉ ቅርጽ ብቻ፣ ከባድ ጊታር እንዳለ ይገባችኋል። እኔ ፊደል እንዲህ ሙዚቃውን ሲሸከም በጣም ደስ ይለኛል።

በአማርኛ ለምትሠሩ፣ መጀመሪያ መጽሔታችሁ የት እንደሚታይ እዩ። አዟሪው ክንዱ ላይ ደርድሮ ሲይዝ የሚታየው ጠርዝና አስፋልት ዳር ሲዘረጋ የሚታየው ክፍል አንድ አይደለም። ሁለተኛ፣ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም። ፈረንጆቹ ዋናውን ቃል በካፒታል ጽፈው ሲለዩት እኛ ያለን መጠን፣ ውፍረትና ቀለም ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ደፈር ያለ ይሁን፤ ዋናው አርዕስት ከቀጣዩ ቢያንስ በእጥፍ ይብለጥ። ግን ከልክ በላይ አታወፍሩት፤ እንደ ጨ እና ጪ ያሉ ፊደሎች በጣም ሲወፍሩ ውስጣቸው ይደፈናል፣ በተለይ በጥቁር ዳራ ላይ በነጭ ሲጻፉ።

ፎንት ከሁለት አይብለጥ። ቀለምም ከጥቁርና ከነጭ ሌላ ሁለት ይበቃል፤ አንዱን ከራሱ ከፎቶው ውሰዱ፣ ከጃኬቱ ወይም ከከንፈር ቀለሙ። ያኔ ጽሑፉ ላዩ ላይ የተለጠፈ አይመስልም። አርዕስት ስትጽፉ የአርቲስቱ ስም ይቅደም፣ ከዚያ ምን እንደሚገኝ በትክክል ይነገር። «ልዩ ቃለ ምልልስ» ምንም አይልም፤ ሁሉም ልዩ ነው የሚለው። አርቲስቱ በእርግጥ የተናገረው አንድ ከበድ ያለ ዓረፍተ ነገር ካለ እሱን ሽፋኑ ላይ አውጡት፤ ከውስጥ በዚያው ቃል መገኘት አለበት። አንባቢ ሽፋኑ ላይ ያየውን ውስጥ ሲያጣው በሚቀጥለው ወር አይገዛም።

ወደ ማተሚያ ቤት ስንሄድ ሽፋኑ ኤ4 ከሆነ በየጠርዙ ከታተመ በኋላ የሚቆረጥ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምሩ፤ 216 በ303 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ300 ዲ.ፒ.አይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2,551 በ3,579 ፒክስል ግድም ያስፈልገዋል፤ ከማኅበራዊ ሚዲያ የወረደ ፎቶ አይደርስበትም። የመድረክ ፎቶ ላይ ተጠንቀቁ። በስክሪን የሚያበራው ሰማያዊና ሐምራዊ መብራት ወደ አራቱ የህትመት ቀለሞች (ሳያን የሚባለው ሰማያዊ፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር) ሲቀየር ይደበዝዛል፣ ፊትም አብሮ ይጠቁራል። ቀለሙን ቀይራችሁ ዲዛይኑን ጀምሩ እንጂ በመጨረሻው ሰዓት አትቀይሩ። ሰፊ ጥቁር ዳራ በጥቁር ቀለም ብቻ ሲታተም ግራጫ ይመስላል፤ ጥቂት ሳያን ከሥሩ ይጨመርበት። ደቂቅ ጥቁር ጽሑፍ ግን በጥቁር ብቻ ይሁን፤ ቀለሞቹ የፀጉር ውፍረት ያህል እንኳ ቢዛነፉ ጥላ ያወጣል።

በመጨረሻ ባር ኮዱ። ሙሉ መጠኑ ከዳር ነጭ ክፍተቱ ጋር 37.29 በ25.93 ሚሊ ሜትር ነው፤ እስከ 80 በመቶ ድረስ ማሳነስ ይቻላል። ዲዛይነሮች ከሽፋኑ ቀለም ጋር እንዲሄድ ቀይ ያደርጉታል። ብዙው የሱቅ ስካነር ግን በቀይ ብርሃን ስለሚያነብ ቀዩ መስመር ነጭ ሆኖ ይታየዋል፣ ኮዱም አይነበብም። የስልክ ካሜራ ሊያነበው ስለሚችል በስልክ ሞክራችሁ ሠራ ብላችሁ አትላኩት። መስመሩ ጥቁር፣ ዳራው ነጭ ይሁን፣ ቦታውም ፎቶው ሲነሳ ጀምሮ ከታች በኩል ይታሰብለት፤ የጊታሩ አንገት ላይ እንዳያርፍ።

ለዛሬ ይኸው ነው። ቸር እንሰንብት።